ሮቴም የሳለችው መርዶ

ንግሥቴ ሆዷ ወሬ አያሳድርም። በሰፈሯ በሮቫ ቴት ውስጥ ማን እንዳረገዘች ከባልየው ቀድማ የምትሰማ እሷ ናት። ታዲያ የዛን ጊዜ፣ በፑሪም በዓል ሰሞን፣ አንድ ወሬ ደረሳትና ዋጥ አድርገሽ ያዥ ተባለች። ድንጋይ ዋጭ ቢሏት ይቀላት ነበር።

ወሬው የጀምበሩ ሞት ነው። ጀምበሩ የማልካ ታናሽ ወንድም ነው፤ ጎንደር ላይ «ዛሬ ቅድስቲቱ አገር ትገባለህ፣ ነገ ትገባለህ» እያሉት ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቆ እዛው ቀረ። ማልካ ደግሞ የንግሥቴ የልብ ወዳጅ ናት፤ አንዷ ሁለተኛ ፎቅ፣ አንዷ አራተኛ ፎቅ፣ ባንድ ሕንፃ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ሽማግሎች ቄሱ ቤት ተሰበሰቡና መከሩ። የማልካ የልጅ ልጅ፣ የኤላድ ሰርግ ከሻቩዖት በዓል በኋላ ነው፤ ሦስት ወር ገደማ ቀርቶታል። «የልጅ ልጇን ደስታ ትይ፤ በማግስቱ በማለዳ ሄደን፣ ከዘመዶቿ መሀል አስቀምጠን እናረዳታለን» አሉ። ንግሥቴም እዛው ነበረች። ቄሱ ሌላውን ሰው ሁሉ አለፉና እሷ ላይ ዓይናቸውን ጣሉ።

«ንግሥቴ፣ ሰማሽ?»

«ምነው አባቴ፣ እኔን ብቻ ያዩኛል?»

«የምታስፈሪ አንች ብቻ ነሻ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ስቃ ማለች።

ግን መማል ሌላ፣ መቻል ሌላ። ማልካ በየቀኑ ከሕንፃው በታች አግዳሚው ላይ ትቀመጥና የጀምበሩን ነገር ታነሣለች። አንድ ቀን ለሱ የገዛችውን ሹራብ ይዛ ወረደች።

«እስቲ ዳብሽው። የዚህ የባሕር ነፋስ እንኳን ለሱ ለኛም አልሆነ።»

ንግሥቴ ዳበሰችው። «ጥሩ ክር ነው፤ ይሞቀዋል» አለች። ከዛ ወጥ ጥጄ መጣሁ ብላ ቤቷ ገባች።

በዛው ሳምንት የንግሥቴ የልጅ ልጅ ሮቴም መጣች። ሮቴም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ የምትማረው ሥዕል ነው። ዓመቱን ሙሉ ወደቡ፣ ማሪና ወርዳ ጀልባ ስትስል ነው የምትውል።

«እምዬ፣ አስተማሪያችን ኢሪት ‹ቤታችሁ ውስጥ የማይወራ ነገር ጠይቁና ሳሉ› ብላናለች። እኛ ቤት የማይወራ ምን አለ?»

«እኛ ቤት? እኔ እያለሁ?» ብላ ንግሥቴ ሳቀች። ሳቋ ግን መሀል ላይ ቆመ። ልጅ ናት አለች በሆዷ፤ ጓደኞቿ ነጮች፣ ወሬዋ በዕብራይስጥ፤ ለማን ልታወራው? የጀምበሩን ሞትም፣ ሽማግሎቹ የመከሩትንም ነገረቻት። ነግራም አልበቃት፣ ከአልበሙ የጀምበሩን ፎቶ አውጥታ አሳየቻት፤ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ግራ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ። ልጅቱ በስልኳ አነሣችው። ንግሥቴ ያን ቀን ሆዷ ቀለል አላት።

ከዛ ወዲያ ረሳችው። ሻቩዖት ሲቃረብ ሮቴም እየሮጠች መጣች። የተማሪዎቹ ሥዕል ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለሕዝብ ሊታይ ነው፣ የሷ ተመርጦ ከመግቢያው ላይ ሊሰቀል ነው።

«ምን ሳልሽ?»

«አይነገርም። መጥተሽ ታይዋለሽ።»

ጀልባ ይሆናላ፣ ሌላ ምን ይሆናል አለች ንግሥቴ። ማልካ ደግሞ ዓመት ሙሉ ኤላድ መኮንን ሆነ፣ ኤላድ ሊያገባ ነው እያለች ጆሮዋን በልታታለች። አሁን ደግሞ ተራው የንግሥቴ ነው፤ ማልካ ትየው፣ ትቅና! ሰርጉ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ክንዷን ይዛ፣ በአውቶቡስ አሳፍራ ወሰደቻት።

ሥዕሉ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ማልካ ገና ከበሩ ላይ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

«ውይ! ይኸ ጀምበሩ አይደለም እንዴ? ጀምበሩዬን ሳለችልኝ!»

ንግሥቴ ክንዷን ይዛ ወደ ኋላ ሳበቻት። ሥዕሉ ላይ ጀምበሩ መሀል ቁሟል፤ ከእግሩ ሥር አንድ ሻማ ይነዳል። ዙሪያውን ሽማግሎች ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠምጥመዋል።

«ሻማው የምንድን ነው?» አለች ማልካ።

«የሻባት ነዋ! ነይ ጭማቂ አለ፣ እንጠጣ።»

«የሻባት ሁለት ነው። ይኸ አንድ ነው፣ ከብርጭቆ ውስጥ ያለ። የሙት ነው።»

ከዛ ጣቷ ሽማግሎቹን አንድ ባንድ እያለፈ ሄደ፤ ነጠላዋ ሸርተት ያለ አንዲት ሴት ላይ ሲደርስ ቆመ። አፏ ገርበብ ብሎ የወርቅ ጥርሷ ያበራል። ሮቫ ቴት ውስጥ ፊት ለፊት የወርቅ ጥርስ ያላት አሮጊት አንድ ናት።

«ይኸች አንች ነሽ።»

«ማልኪዬ…»

«ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«ከፑሪም።»

«ሹራቡን ሳሳይሽ ታውቂ ነበር?»

ንግሥቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

«ይሞቀዋል አልሽኝ።»

ማልካ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ወገቧ ላይ አሰረችው፣ ከዛ «ወንድሜ! ወንድሜ!» እያለች ደረቷን ትመታ ጀመር። ወላጆቹ ስልካቸውን አወጡ። የዝግጅቱ አንዱ ክፍል መሰላቸው፤ መጀመሪያ አንድ ሰው፣ ከዛ አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። ኢሪት እጇን ልቧ ላይ አድርጋ ሮቴምን አቀፈቻት። «አየሽ? ሥራሽ ሰው ነካ» አለቻት፤ ይኸችን ዕብራይስጥ ንግሥቴም ሰማቻት። ሮቴም ግን ፊቷ አመድ መስሏል።

«እምዬ፣ ለምን አመጣሻት?»

በዛው ቀን ሮቴም አንደኛ ወጣች። ውጤቷም መቶ ነው። የሸለሟት ወረቀት ሳሎን ተሰቅሏል፤ ንግሥቴ ጀርባዋን ሰጥታው ነው የምትቀመጥ።

ሰባቱን የለቅሶ ቀን ማልካ ቤት አንድም ሳትቀር ሄደች። ከበሩ ላይ ቄሱ ቆመው፣ «በማለዳ፣ በዘመድ መሀል መረዳት የነበረባት ሰው፣ በጭብጨባ ተረዳች» አሏት፤ ሌላ አልጨመሩም። የኤላድ ሰርግ ቀኑ አልተለወጠም። ማልካ አንድ ጥግ ተቀመጠች፣ እልልታዋ ሳይሰማ ሰርጉ አለቀ።

አሁን ንግሥቴ ወደ አግዳሚው ስትወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ይቆርጣሉ። «ሙቀቱስ እንዴት ነው?» ይላሉ። ማንም ምንም አይነግራትም። መጀመሪያ ተናደደች። ኋላ ግን ፍርሃት ያዛት፤ ሰው እንዲህ አፉን የሚይዝ መቼ እንደሆነ እሷ ታውቃለቻ! እህቷ ንብረት ጎንደር ናት፤ ታማለች ብለዋት ነበር። ብትደውል አይነሣም። በማግስቱም ደወለች፣ አይነሣም።

ወርዳ ማልካ ፊት ቆመች።

«ማልካ፣ የፈለግሽውን ስደቢኝ። ይኸን ብቻ ንገሪኝ፤ እህቴ አለች?»

ማልካ የነጠላዋን ጫፍ አስተካከለች።

«እኔ ምን አውቄ። ልጅቱን ጠይቂያት፤ ስላት ይሆናል።»