ማን ብዬ ልመዝግብ?

ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን መኖር ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። እናቷ ካረፉ በኋላ ታናሽ እህቷ ባሏን ተከትላ ሩቅ ከተማ ገባች። ለእሷ የቀረላት የእናቷ ክፍልና ሱቋ ነው። ሱቋ ጠባብ ናት፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የካውያ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ መጋረጃና ሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስታወት። አዲስ ልብስ አትሰፋም፤ ሥራዋ ማጥበብ፣ ማስፋት፣ ማሳጠር ነው። የሰፈሩ ሰው «ቀስ በሉ» እያለ ይጠራታል፤ ልብሴን ለነገ ካላደረስሽልኝ ብሎ ለሚያጣድፋት ሁሉ መልሷ ይኸው ስለሆነ።

ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ናት። የሰው ትከሻ ትለካለች፣ በሰው ወገብ ላይ ሜትር ታዞራለች። በሯን ዘግታ ቤቷ ስትገባ ግን እንዴት ዋልሽ የሚላት የለም።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ኮፍያና ጥቁር መነጽር ያደረገ ረጅም ሰው፣ ኮት በላስቲክ ይዞ ገባ። መነጽሩን ሳያወልቅ አወቀችው። ድምፃዊው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለ እሱ ዘፈን የተደገሰ ሰርግ የለም። እሷም እናቷን ባስታመመችባቸው ወራት ከእሱ ድምፅ ሌላ ያዋያት አልነበረም። የሰካችውን ክር ከመርፌው አወጣችና እንደገና አስገባችው።

እናቷ ትልቅ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ስለነበሩ ዝነኛ ሰው አይተው ጠግበዋል። «ዝነኛ ማለት» ይሉ ነበር፣ «ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ጠጥቶ የማያውቅ ሰው ነው።» አንዱ ሊጨብጠው፣ ሌላው ሊያቅፈው ሲመጣ ማንኪያው እጁ ላይ እንዳለ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሰው ከገጠማችሁ፣ እንዳላወቃችሁት ሆናችሁ ምግቡን አቅርቡለት ብለው ሁለቱን ሴት ልጆቻቸውን ይመክሩ ነበር።

ሰፊዋም እንዲሁ አደረገች። እንደ ማንኛውም ደንበኛ ኮቱን አስለብሳ መስታወቱ ፊት አቆመችው። የመድረክ ኮት ነው፤ ገበሩ ሐር፣ ኮሌታው ላይ ጥልፍ አለው። ሰውየው ግን ከስቷል፤ ኮቱ ከጀርባው እንደ ድንኳን ተንጠልጥሏል። በጠመኔ ምልክት እያደረገች በመርፌ ቁልፍ ሰበሰበችው። ስለ ክሳቱ ምንም አላለችም። ሜትር ያየውን አፍ አይናገርም፤ ሙያዋ ነው።

ከዚያ ደብተሯን ገለጠች።

«ማን ብዬ ልመዝግብ?»

ሰውየው መነጽሩን አወለቀና አያት። እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ ጠበቀች። ድምፃዊው እናቱ ያወጡለትን ስም ነገራት፤ በካሴት ያልታተመ፣ በሬዲዮ ያልተጠራ ስም። ጻፈችው።

ለመቼ እንደሚደርስ ሲጠይቃት ቀስ ይበሉ፣ አርብ መጥተው ይሞክሩታል አለችው። ሳቀ።

አርብ መጣ። ኮቱን ሞከረው፤ እጅጌው ገና ስለነበር መልሳ ተቀበለችው። እሱ ግን አልሄደም። ደንበኛ የሚጠብቅበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ወሬ ጀመረ። ጉልበቱ ደረጃ እንደሚያስቸግረው፣ ሐኪም ጨው እንደከለከለው፣ ባለቤቱ ካለፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የግድግዳው ሰዓት ብቻ እንደሆነ አጫወታት። እሷም ስለ እናቷ ነገረችው። እንዲህ ከሰው ጋር ያወራችበትን ቀን አስታወሰች፤ ሩቅ ነው።

ኮቱ አለቀ። ነገር ግን «እዚሁ ይቆይ፣ መድረክ የምወጣ ቀን እወስደዋለሁ» ብሎ ተወው። በቀጣዩ ማክሰኞ ሱሪ ይዞ መጣ፤ ሱሪው ይህን ያህል የሚነካ ነገር አልነበረውም። ቀጥሎ ደግሞ ቁልፉ የወደቀ ሸሚዝ አመጣ። ሰፊዋ ክሩን ስታየው አርጅቶ የተበጠሰ አይደለም፤ በምላጭ የተቆረጠ ነው። ሰውየው እዚህ ለመምጣት ሲል የገዛ ሸሚዙን ቁልፍ ቆርጧል። ቀና ብላ አላየችውም። ቁልፉን ተከለችና ሳትቸኩል፣ ከሚያስፈልገው በላይ ደጋግማ ሰፋችው።

«እዚህ ስመጣ እረፍት አገኛለሁ» አላት ያን ቀን። «እዚህ ሌላ ሰው ነኝ። እርስዎ ከኔ የሚፈልጉት ነገር የለም።»

ያኔ ማን እንደሆነ እንደምታውቅ መናገር ነበረባት። ለእሱ እረፍት ይሁን ብላ የጀመረችው ዝምታ መቼ ውሸት እንደሆነ አላወቀችም። ብናገር ይቀርብኛል ብላ ፈራች፤ እውነቱ ይኸው ነው። ማክሰኞና አርብ ሲደርስ ጠዋት ተነስታ ፀጉሯን መሥራት ጀምራ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት፣ ሰውየው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ የጎረቤቷ ሱቅ ጫማ ሻጭ መቀስ ልትዋስ ገባች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ አፏ ግን መዝጊያ የለውም። ባየችው ጊዜ እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ወዲያው ደግሞ ስልኳን አወጣች። ከዚያ ወደ ሰፊዋ ዞረች።

«አንቺ፣ እንዲህ ያለ እንግዳ ደብቀሽ ትቀመጪያለሽ?» አለችና ወደ እሱ ተመለሰች። «እሷ እኮ ያለ እርስዎ ዘፈን መኪናዋ አይዞርላትም። እናቷንም ያስታመመችው በእርስዎ ድምፅ ነው፤ ለቅሶ ቤት ራሷ ነግራኛለች።»

ድምፃዊው ቀስ ብሎ ሰፊዋን አያት።

«ያውቁኝ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን» አለች።

ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም። ብቻ ፊቱ ተለወጠ፤ ግድግዳ ላይ በሚለጠፉት ሥዕሎች የምታውቀው ፈገግታ መጣ። ጉልበቱን ይዞ ተነስቶ ከጫማ ሻጯ ጋር ፎቶ ተነሳ፣ ስለ ዘፈኖቹ የጠየቀችውን ሁሉ በትዕግሥት መለሰላት። ከዚያ እጁን ወደ ሰፊዋም ዘረጋ፤ እርስዎም ይምጡ እንነሳ አላት። ድምፁ ጨዋ ነበር፤ ለማንም የሚሰጠው ድምፅ። እጄ ጠመኔ ነው ብላ ቀረች። እናቴ ያረፉ ጊዜ ያጽናኑኝ እርስዎ ነዎት ልትለው ፈልጋ ነበር፤ ነገር ግን አሁን ያን ብትለው ሺህ ሰው ያለውን መድገም ሆነባት። ተሰናብቷት ወጣ።

አርብ አልመጣም። በቀጣዩ ማክሰኞም እንደ ውኃ ሽታ ጠፋ። ኮቱ መጋረጃው አጠገብ ተንጠልጥሎ ከረመ፤ አቧራ እንዳይነካው ላስቲክ አለበሰችው።

በሦስተኛው ሳምንት ሾፌሩ ደረሰኙን ይዞ መጣ። ጌታዬ ሥራ በዝቶባቸው ነው አላት። ኮቱን አስረከበችው፤ እሱም ፖስታ ሰጣት። ሾፌሩ እስኪወጣ ጠብቃ ከፈተችው። ድምፃዊው በወጣትነቱ፣ ድምፅ ማጉያ ይዞ የተነሳው ፎቶ ነው። ጥግ ላይ «ለውድ አድናቂዬ» ይላል፣ ከሥሩ ፊርማ። የፈረመበት ስም ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ጫማ ሻጯ ፎቶውን ስታይ ዓይኗ ቀላወጠ። ሰፊዋ እንኪ ውሰጂው አለቻት። የእውነትሽን ነው ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀቻት፤ ከዚያ በመስታወት አስገጥማ ከሱቋ በር ፊት ለፊት ሰቀለችው።

እሁድ እህቷ ደወለች። ሰፊዋ እንደወትሮው ደኅና ነኝ ብላ ልትዘጋ ነበር፤ ሆኖም ያን ቀን አንደበቷ ተፈታና ሁሉንም ነገረቻት፤ የእናታቸውን ምክር፣ ደብተሯ ላይ የጻፈችውን ስም፣ የሸሚዙን ቁልፍ ሳይቀር። እህቷ ሰምታ ጨረሰችና ጠየቀቻት።

«ታዲያ እትዬ፣ አብረሽው ፎቶ አልተነሳሽም?»

«አልተነሳሁም።»

«ምነው እንዲህ ሆንሽ? ማን ያምነናል አሁን?»

ወዲያው ከወዲያ በኩል ሕፃን አለቀሰ፤ እህቷ መልሼ እደውላለሁ አለች። ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ሰፊዋ ጥቂት ጆሮዋ ላይ አቆየችው። ለሰኞ የተቀጠረ ሱሪ ነበረባትና ወደ መስኮቱ ተጠግታ፣ ብርሃኑ ሳይሄድ እጥፋቱን መተርተር ጀመረች።