የእማማ ቁልፍ ፍራሽ

ለእማማ ቁልፍ ስጦታ መስጠት ዕቃን ጉድጓድ ውስጥ እንደ መጣል ነው ይላል የገዛ ልጃቸው። ጫማ ቢገዙላቸው ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ነጠላ ጫማም ቢሆን ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ብርጭቆው ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን አናት ላይ ይወጣል። ለምን አይጠቀሙበትም ያላቸው ሰው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «እንግዳ ቢመጣስ?» የሳጥኖቹ ቁልፎች ከወገባቸው ስለማይወርዱ ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። እሳቸውም አልተቀየሙም፤ እንዲያውም በስሙ ሲጠሯቸው ቁልፎቹን ቅጭል ቅጭል ያደርጉላቸዋል።

አሁን ግን ነገሩ ከጨዋታ አልፏል። ወገባቸው ታሟል። ጠዋት የሚነሱት መጀመሪያ በክርናቸው፣ ቀጥሎ በጉልበታቸው፣ ከዚያ ግድግዳውን ይዘው ነው። ምራታቸው ሐኪም ዘንድ ስትወስዳቸው ሐኪሙ ጀርባቸውን ዳበስ ዳበስ አድርጎ «እናቴ፣ ምን ላይ ነው የሚተኙት?» አላቸው። «አልጋ ላይ ነዋ» አሉ ኮራ ብለው። አልጋስ አልጋ ነበር፤ ፍራሽ ግን አልነበረውም። በጣውላው ርብራብ ላይ አሮጌ ብርድ ልብሶች ታጥፈው ተነጥፈዋል፣ በቃ። ሐኪሙም ይህን ሲሰማ በዚሁ ከቀጠሉ ጎብጠው እንደሚቀሩ ሳይሸፋፍን ነገራቸው። ከመድኃኒቱ ይልቅ የሚያድናቸው ደህና ፍራሽ ነው።

ምራቲቱ ጸጉር ሠሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል የወገብን ነገር ታውቃለች። የሚቆረቁራት ግን ሌላ ነገር ነው። ሙሽራ ሆና ወደዚህ ቤት ስትመጣ እሷና ባሏ የሚተኙበት አልነበራቸውም፤ አማቷ «እኔ ወገቤ ብረት ነው» ብለው የራሳቸውን ፍራሽ ሰጧቸው። ሁለቱንም ልጆቿን ያጠባችው እዚያ ፍራሽ ላይ ነው። ሹፌሩ ባሏ መንገድ ሲወጣ ብቻዋን ያለቀሰችውም፣ በሰላም ሲመለስ የሳቀችውም እዚያው ነው። እሷ ተመችቷት ስትተኛ እኚህ ሴት ጣውላ ላይ ማደራቸውን እያሰበች፣ ደንበኞቿ የሚሰጧትን ጉርሻ ሳትነካ ማጠራቀም ጀመረች። ያጠራቀመችው ብዙ አይደለም። አንድ ጊዜ ለመግዛት ይበቃል፤ ተሳስቶ ለመድገም አይበቃም።

ችግሩ እሳቸውን ማሳመን ነበር። «ለእርስዎ ነው» ብትላቸው ከቤት ንቅንቅ አይሉም። ስለዚህ ዋሸች።

«እማማ፣ ለእኛ ፍራሽ ልገዛ ነው። እኔ ደግሞ ዓይን የለኝም፤ ያታልሉኛል።»

እሷ ቦርሳዋን ፈልጋ ሳታነሳ እማማ ቁልፍ ቀሚስ ቀይረው በር ላይ ቆመው ነበር።

የፍራሽ ሱቁ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ፍራሾቹ ግራና ቀኝ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሻጩ ምላሱ ቅቤ የሆነ ሰው ነው። ቀጥታ የወሰዳቸውም ወደ ወፍራሙና ባለ አበባው ነው።

«ይሄ ማለት እናቴ፣ እዚህ ላይ የተኛ ሰው መነሳት አይፈልግም።»

«እኛ መነሳት እንፈልጋለን፤ ሥራ አለብን» አሉ እማማ ቁልፍ።

ከዚያ ሥራቸውን ጀመሩ። ባለ አበባውን አስተኝተው በጉልበታቸው ተጫኑት፤ ጉልበታቸው እስከ ወለሉ ድረስ ሰመጠ፤ ሲያነሱትም ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። «ገና ሳይተኙበት ከደከመው ቤት ሲገባማ ምን ሊሆን ነው?» አሉ። ቀጥለው እኩል የሆኑ ሁለት ፍራሾችን ጥግ ጥጋቸውን ይዘው አንድ በአንድ አነሱ። ቀላሉን ጣሉት። ስፖንጁ ጥቅጥቅ ያለ ፍራሽ ይከብዳል፤ የቀለለው ዓመት ሳይሞላው እንደ ቂጣ ይሳሳል ብለው ለምራታቸው አስረዱ። ይሄም አልበቃቸው፤ የልብሱ ዚፕ ይከፈትልኝ አሉ። ከቀሩት መካከል አንደኛው ውስጡ በማጣበቂያ የተያያዘ የስፖንጅ ቁርጥራጭ ሆኖ ተገኘ።

«እናቴ፣ ዚፕ ያስከፈተኝ ደንበኛ አይቼ አላውቅም» አለ ሻጩ ላቡን እየጠረገ።

«ኧረ ተወኝ! ለዚህ ነዋ ሱቅህ የሞላው» አሉት። እሱም ሳቀ። ምን ያድርግ።

በመጨረሻ «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» ብለው ጫማቸውን አወለቁና ሱቁ መሐል በቀሩት ሁለት ፍራሾች ላይ ተራ በተራ በጎናቸው ጋደም አሉ። ሌሎቹ ደንበኞች ዞረው አዩአቸው። ምራቲቱ ፍራሹን አላየችም። እሷ የምታየው አነሳሳቸውን ነው። ከለስላሳው ላይ ሲነሱ ሁለት እጃቸውን አስደግፈው፣ አቃስተው ነው። ቀጠን ካለው፣ ግራጫ ልብስ ከለበሰው ጠንካራ ፍራሽ ላይ ግን ወገባቸውን ሳይዙ ቀጥ ብለው ተነሱ። እሳቸው ልብ አላሉትም፤ ስለ ስፌቱ እያወሩ ነበር። ምራቲቱ ዓይኗ እንባ ሲሞላ ትራስ የምትመርጥ መስላ ፊቷን አዞረች።

«ይሄ እንደ እኔ ላለች አሮጊት ነው» አሉ ጫማቸውን እየፈለጉ። «ለእናንተ ያ ለስለስ ያለው ይሻላል።»

ምራቲቱ ክው አለች። ገንዘቧ ወደ ተሳሳተው ፍራሽ ሊሄድ ነው። «እኔ... እኔም እኮ ወገቤን ያመኛል፣ እማማ።»

የእማማ ቁልፍ ፊት ባንድ ጊዜ ተለወጠ። «አንቺን? ከመቼ ጀምሮ? እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽኝ?» ከዚያ ወደ ሻጩ ዞሩ። «ጠንካራውን ስጠን። ልጄን አሟታል» አሉት። በዋጋውም ቢሆን ፋታ አልሰጡትም፤ ያለ አበባ ስለሆነ ይቀነስ፣ ማድረሻውም በእሱ ይሁን አሉ፤ ሰውየውም እጁን ሰጠ። ምራቲቱ ያጠራቀመችው በቃ።

ተሸካሚው ቤት ሲደርስ የት ላስገባው ብሎ ጠየቀ። ምራቲቱ የአማቷን ክፍል አሳየችው። እማማ ቁልፍ ፍራሹን አዩ፣ እሷን አዩ።

«አታለልሽኝ።»

«አዎ፣ እማማ።»

«ወገብሽስ?»

«ደህና ነኝ።»

«ተመስገን» አሉ መጀመሪያ። የተቆጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ተቆጥተውም አልቀሩ፤ ፍራሹን ከነላስቲኩ ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ አቧራ እንዳይነካው አንሶላ ጣል አደረጉበትና ወደ ጣውላቸው ተመለሱ። እንግዳ ቢመጣስ? ምራቲቱ ለመነች፤ ባሏ በስልክ ለመነ። «ላም አለኝ በሰማይ ሆነ እኮ ነገሩ፣ እማማ» ብትላቸው «የእኔ ላም መች ሰማይ ወጣች፤ ይኸው ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች» አሏት። አንድ ጠዋት ግን ከአልጋቸው ግማሽ ተነስተው እዚያው ቀሩና ወደ ላይም ወደ ታችም አልሆን አላቸው። ምራታቸውን ጠርተው ድረሺልኝ ሲሉ ያ የመጀመሪያቸው ነው። ደግፋ አቃናቻቸው።

እሑድ ከሰዓት፣ ልጆቹ ደጅ ሲጫወቱ፣ ምራቲቱ ገብታ አማቷ አልጋ ላይ ተጋደመች። ርብራቡ በብርድ ልብሶቹ አልፎ አንድ በአንድ ጎኗን ወጋት።

«ምን ሆነሻል? ተነሺ እንጂ!»

«አልነሳም። እርስዎ ካልተኙበት ከዛሬ ጀምሮ የምተኛው እዚህ ነው።»

«ልጅ አትሁኚ። ጎንሽ ይቆስላል።»

«የእርስዎስ ጎን?» አለች። «እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዘመን የተኛሁት እርስዎ በተነሱበት ፍራሽ ላይ ነው። እርስዎ ጣውላ ላይ ሆነው እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?»

እማማ ቁልፍ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እግሯ አጠገብ ተቀመጡ።

«እኔ ተነስቼበት አልሰጠሁሽም» አሉ። «ተኝቼበት አላውቅም።»

«እንዴ?»

«ቢሮ ሳጸዳ ከደሞዜ እየቆነጠርኩ የገዛሁት ነው። ጉልበት ነበረኝ ያኔ። ቤት ሳመጣው ግን ለእኔ በዛብኝ። ለእኔ ተብሎ የተገዛ ነገር አይቼ ስለማላውቅ አኳኋኑ አይገባኝም፣ ልጄ። ከነላስቲኩ አቆምኩት። እንግዳ ቢመጣ ብዬ።»

«መጣ?»

«ማን ይመጣል እኔ ዘንድ? ስንት ዓመት ቆመ።» ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከሉላት። «በኋላ አንቺ መጣሽ።»

ምራቲቱ ተነስታ ተቀመጠች። እጃቸውን ይዛ ሳመችው። እሳቸውም አልከለከሏት። ከዚያ ማንም ማንንም ሳያዝ ሁለቱም ተነሱ፤ ብርድ ልብሶቹን ከርብራቡ ላይ ሰበሰቡ፣ ፍራሹን አንሥተው ዘረጉት፣ ምራቲቱ በመቀስ ላስቲኩን ቀደደች።

እማማ ቁልፍ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሰው ቤት እንደ መጣ ሰው ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ጋደም አሉ። «ለጥቂት ነው» አሉ፤ «ልጆቹ ሲገቡ ቀስቅሺኝ።»

«እሺ። እማማ... እግዜር ይስጥልኝ። ለያኛው ፍራሽ።»

እማማ ቁልፍን ግን እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ትንፋሻቸው ረዝሟል፤ ጉልበታቸው ዘና ብሏል፤ ግንባራቸው ላይ የነበረው ሽብሽብ እንኳ ተፈቷል። ምራቲቱ እስክትጠግብ ድረስ አየቻቸው። ከዚያ አሮጌዎቹን ብርድ ልብሶች በሙሉ ታቅፋ በእግሯ ጣት እየረገጠች ወደ ጓሮ ወጣች። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዛሬም ነገም ፀሐይ የሚወጣ አይመስልም። ትልቁን ሳፋ ውሃ ሞላችና አንድም ሳታስቀር ሁሉንም ነከረቻቸው።