ያለ አለቃ የመሥራት ጥቅሞች

1

አለቃ ቀረ። የልብስ ስፌት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ሙሉሰው ሠራተኞቹን ሰብስቦ “ከእንግዲህ አለቆቹ እናንተው ናችሁ፤ እያንዳንዱ ቡድን ራሱን ይመራል” አለ። ተጨበጨበ። አስካለም እጇ እስኪቀላ አጨበጨበች። 

2

ጥቅም፦ ጩኸት ይቀንሳል።

ድሮ ተቆጣጣሪው እስከ ሽንት ቤት በር ድረስ እየተከተለ ይጮህ ነበር። አሁን የሚጮህ የለም። አስካለ ከስፌት መኪናዋ ብድግ ስትል የቡድኗ ሴቶች ቀና ብለው ያዩአታል፤ ተመልሳ ትቀመጣለች። እርጉዝ መሆኗን ሁሉም ያውቃል። የልጁ አባት ከጠፋ ቆይቷል፤ ያላት ይኸው ሥራ ብቻ ነው።

3

ጥቅም፦ ቡድኑ ራሱ ይወስናል።

“ሥራ ቀዝቅዟል፤ ከየቡድኑ አንድ ሰው ይቀነሳል። ማን ይሁን የሚለው የእናንተ ነው፤ እኔ አልገባበትም” አለ አቶ ሙሉሰው፤ እንደ ጲላጦስ እጁን ታጥቦ ወጣ።

(ታሪኩን በቁጥር የቆራረጥኩት አንድ ላይ ሲሆን ስለሚገማ ነው።)

4

ስብሰባው፦

ወይንሸት፦ እኔ ልውጣ።

ሁሉም፦ በሞቴ! ምን ሆነሽ ነው? አርፈሽ ተቀመጪ!

ድንቅነሽ፦ ግዴለም፣ እኔ ልውጣ።

ሁሉም፦ አፈር ስሆን ተይ! አንቺማ የልጆች እናት!

አስካለ፦ እንግዲያው እኔው ልውጣ።

 

 

 

5

ከላይ ያለው ባዶ ቦታ የማተሚያ ቤት ስህተት አይደለም።

በእኛ አገር “እኔ ልክፈል” ብሎ ኪሱ የሚገባ ሁሉ ሊከፍል ቆርጦ አይደለም፤ እጁን የሚይዝለት ሰው እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። አስካለም እጇን የሚይዝላት ጠበቀች። ሴቶቹ ግን ሌላ ነገር እያሰቡ ነበር፦ አስካለ የወሊድ ፈቃድ ስትወጣ ድርሻዋን የሚሰፉት እነሱው ናቸው።



በመጨረሻ ወይንሸት፣ ከአስካለ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖረው ወይንሸት፣ “አስኩ እኮ ድሮም ለሰው አሳቢ ናት” አለች። የሌሎቹም ምላስ ተፈታ። “እግዜር ይስጥሽ፣ እህታችን!” እያሉ ተራ በተራ ሳሟት። አስካለ ጉንጯን በእጅጌዋ ጠረገች።

6

ጥቅም፦ ቅሬታ አይኖርም።

“በራሷ ፈቃድ ነው?” አለ አቶ ሙሉሰው።

“በራሷ!” አሉ ሁሉም በአንድ አፍ።

“ቡድን ማለት እንዲህ ነው” ብሎ አጨበጨበ። እነሱም አጨበጨቡ።

7

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ያው አንድ ነው። ወይንሸት ከበሩ ላይ ሮጣ ደረሰችባትና እንደ ወትሮዋ ክንዷን ያዘቻት።

“አስኩዬ፣ ለራት ምን እንሥራ?”

አስካለ ቆመች። የተያዘውን ክንዷን አየች፤ ከዚያ ወይንሸትን አየቻት።

እኔ ከዚህ በላይ መጻፍ አስጠልቶኛል። እናንተ ሙሉት።

8

አስካለ፦