ጋሼ የት ቀረ?

ፀጉር አስተካካዩ ጨጓራው ሲያስቸግረው ከርሞ፣ በሚስቱ ጭቅጭቅ ሆዱን በካሜራ ሊታይ ሆስፒታል ገባ። ምርመራው ቀላል ነበር፤ ጉሮሮው ላይ ማደንዘዣ ተረጨለትና ቀጭን ቱቦ ዋጠ፣ አለቀ። ሲወጣ ግን ዙሪያውን አየና ሚስቱን «እዚህ ምን እንሠራለን?» አላት።

ነገረችው። ገና አፏን ሳትገጥም «እዚህ ምን እንሠራለን?» አለ።

መጀመሪያ ቀልዱ መሰላት፤ ደንበኛን በሳቅ እያፈረሰ የሚያስተካክል ሰው ነዋ። ሲደጋግመው ግን ሮጣ ሐኪም ጠራች።

ሐኪሟ መጥታ ስሙን ጠየቀችው፤ አልሳተም። እጅ እግሩን አየች፤ ጭንቅላቱንም አስመረመረችው። «አይስጉ እናቴ፣ ስትሮክ አይደለም» አለቻት። «አልፎ አልፎ እንዲህ ካለ ምርመራ በኋላ ያጋጥማል። ለጊዜው አዲስ ነገር አይይዙም፤ ያለፈው አንድ ሁለት ዓመትም ጠፍቶባቸዋል። እስከ ማታ ይመለስላቸዋል።»

እፎይ ብላ አጠገቡ ቁጭ አለች። ያን ጊዜ ነው «ጋሼ የት ቀረ? መኪናውን ሊያቆም ሄዶ ነው?» ያላት።

ጋሼ የሚለው እንደ አባት ሆኖ ያሳደገውን ታላቅ ወንድሙን ነው፤ ከሞተ ዓመት አልፎታል። በቀብሩ ዕለት ባልዬው እንባ ጠብ አላለውም፤ ወንበር ሲደረድር፣ ሰው ሲያስተናግድ ዋለ። «አንጀተ ደረቅ» ብለው ያሙት ዘመዶች ነበሩ። እሷም አፍ አውጥታ አትናገር እንጂ ታዝባዋለች።

መዋሸት አልሆነላትም። እጁን ይዛ «ጋሼ እኮ አረፈ» አለችው።

አፈጠጠባት። ከዚያ አንሶላውን ፊቱ ላይ ስቦ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ደረቷ ላይ አስጠግታ አባበለችው። እንባው ሳይደርቅ ቀና ብሎ ጉንጩን ዳሰሰ፤ «ምነው ፊቴ ረጠበ? ጋሼ የት ቀረ?»

ደግማ ልትገድልበት አልጨከነችም። «እየመጣ ነው» አለችው። ከዚያ ወዲያ በጠየቀ ቁጥር ጋሼ እየመጣ ነው። እሱም በሰማ ቁጥር ፊቱ ይፈካል፤ ጋሼ ብስክሌት ሲያስተምረው እንዴት ተያይዘው ቦይ ውስጥ እንደገቡ ያወጋታል። ስንቴ ሰማች! ስንቴም አብራው ሳቀች።

አመሻሹ ላይ ጥያቄው እየሳሳ ሄዶ ቆመ። መስኮቱን ሲያይ ቆየና «መሽቷል እንዴ? አንቺ ምሳ እንኳ ሳትበዪ!» አላት። ተመልሷል።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ሁሉንም ነገረችው፤ ለቅሶውንም፣ ውሸቷንም። የያዘውን ሻይ አስቀመጠ።

«አለቀስኩ?»

«አንጀቴን እስክትበላው።»

«ያኔ ቀብሩ ላይ እኔ ካለቀስኩ እማዬን ማን ይይዛታል ብዬ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ከዚያማ ጊዜው አለፈብኝ።»

ሻይ ጨመረችለት።

«የጋሼን ልጆች ካየናቸው ቆየን» አለ።

ያን ቀን ፀጉር ቤቱ ሳይከፈት ዋለ። ሁለቱም ጋሼ ቤት ሄደው ከልጆቹ ጋር አመሹ።