ልኩ ያልሆነ ምክንያት

የአባቴ ግራ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል። የቀረው ቀኙ ነው። የዓይን ሐኪሟ የቀኙም ግፊት እየጨመረ እንደሆነ ነግራናለች። ያዘዘችለት ኦፕራሲዮን የሄደውን አይመልስም፤ የሚያቆየው የተረፈውን ብቻ ነው። አልጋ የተያዘልን ለሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ቢሆንም እስከ ዓርብ እሺ ካላልን ለሌላ ሰው ይሰጣል። አባቴ እንቢ ብሏል።

እኔ ውኃ የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ናሙና እቀበላለሁ፣ እለካለሁ፣ ውጤቱን ጽፌ እፈርማለሁ። ማንንም ማሳመን አይጠበቅብኝም ነበር። ዘንድሮ ግን አለቃዬ ከውጤቱ ሥር የውሳኔ ሐሳብ እንድንጽፍ ስለፈለገ፣ ማታ ማታ የጽሑፍ ትምህርት እንድከታተል ላከኝ። አስተማሪያችን ጡረታ የወጡ የጋዜጣ አዘጋጅ ናቸው። የሰጡን የቤት ሥራ አጭር ነበር፤ እንቢ ያለ አንድ ሰው ምረጡና በአንድ ገጽ አሳምኑት።

ሰው ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም።

የግፊቱን ልኬት በየወሩ ደረደርኩ፣ የዓይን ነርቭ እንዴት እንደሚጎዳ አስረዳሁ፣ መጨረሻ ላይ «ስለዚህ መታከም ግዴታ ነው» ብዬ ዘጋሁ። አስተማሪው ማክሰኞ ዕለት አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። ማስረጃው ደህና ነው አሉኝ። ከዚያ አባቴ ለምን እንቢ እንዳለ ጠየቁኝ። ፈርቶ ነው አልኩ። ማን ነገረሽ አሉ።

«የጻፍሽው አንቺን የሚያሳምን ነው» አሉ። «አንቺ ደግሞ ድሮም አምነሻል። መጀመሪያ የእሳቸውን ምክንያት ጻፊ። ሰምተው ‹አዎ፣ እንደዚህ ነው ያልኩት› እስኪሉ ድረስ መልስ እንዳትጽፊ።»

ረቡዕ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ የስፌት መኪናውን፣ መቁረጫ ጠረጴዛውንና ቆሞ የሚለካ አንድ ሰው ቢይዝ ነው። በር ላይ ቆሜ ክር ሲያስገባ አየሁት። ፊቱን ወደ ግራ አዙሮ የክሩን ጫፍ በምላሱ አረጠበ፤ ሳተ። እንደገና አረጠበ፤ ሳተ። ላስገባልህ ማለት ክልክል ስለሆነ ትንፋሼን ውጬ ጠበቅሁ። ሲገባለት ምንም እንዳልታገለ ሰው ማፏጨት ጀመረ።

«መጣች ዶክተር ውኃ» አለ። «ዛሬስ ምን ተገኘብን?»

የእሱ ምክንያት ነው ብዬ የጻፍኩትን አነበብኩለት፤ አባቴ ቢላዋ ይፈራል፣ ዕድሜዬ ከሄደ በኋላ ሕክምና ምን ያደርግልኛል ብሎም ያስባል። አንገቱን ዘመም አድርጎ፣ ደንበኛ ልብስ ሲሞክር እንደሚያይ ሆኖ ሰማኝ።

«ይሄ የኔ ልክ አይደለም» አለ።

«የቱ ጋ ነው የሚጠብህ?»

«ቢላዋው ጋ። ቀኑን ሙሉ መቀስ ይዤ የምውል ሰው ነኝ እኮ።»

ሰረዝኩት። ሥራው ይቀርብኛል ብለህ ነው ወይ አልኩት። ተጠጋሽ አለና ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር ጥቅሎች አወጣ። የተቆረጡ ጨርቆች ናቸው፤ እጅጌው ለብቻ፣ ጀርባው ለብቻ፣ በጠመኔ ተሰምረው በክር የታሰሩ።

«ያልተቆረጠ ጨርቅ ለባለቤቱ ይመለሳል» አለ። «የተቆረጠው የት ይሄዳል? የኔን ምልክት ሌላ ሰፊ አያውቀውም። ከዚያ ኦፕራሲዮን ክፍል ሳላይ ብወጣ፣ ይሄን ሁሉ ሰው በምን አፌ አናግረዋለሁ?»

በራሱ ቃል፣ ሳላሳምር ጻፍኩትና መልሼ አነበብኩለት።

«አዎ» አለ። «እንደዚህ ነው ያልኩት።»

እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ ግን አላልኩም። ፍርሃት ቢሆን የምመልስበት ቁጥር ነበረኝ። ለዚህ ምን አለኝ? ላቦራቶሪ እንደለመድኩት ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። የአንዳንዱ ጠመኔ ደብዝዞ ሊጠፋ ደርሷል። የሌላው ግን ጣቴን አነጣው።

«አባዬ፣ ይሄ አዲስ ነው። ከሐኪሟ ከተመለስን በኋላ ነው የቆረጥከው?»

«ሰው እያመጣ ምን ላድርግ?»

«እየሰፋህ ነው ወይስ እየቆረጥክ?»

ጥቅሎቹን በእግሩ ወደ ቦታቸው ገፋ። እኔም ከእሱ ምክንያት ሥር አንድ መስመር ብቻ ጻፍኩ፤ እስከ ኦፕራሲዮኑ የተቆረጠው ይሰፋ፣ አዲስ አይቆረጥ። ወረቀቱን ወደ ቀኝ ዓይኑ አስጠግቶ አነበበው፤ የመርፌ መሰኪያውን ጫነበት።

ወዲያው የሰፈራችን ታክሲ ሹፌር ጨርቅ በፌስታል ይዞ ገባ። ልጁ ሊመረቅ ነው፤ ሙሉ ልብስ ይፈልጋል፤ ከጋሼ እጅ ሌላ አያምንም። አባቴ ጨርቁን በጣቶቹ አሸት አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ጠመኔውን አነሳ። የምለው ሁሉ ወረቀቱ ላይ አልቋል፤ ከዚያ በላይ አንድ ቃል ብጨምር ለግትርነቱ ሰበብ እንደምሰጠው አውቃለሁ። ጠመኔው ጨርቁ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ጥሩ ጨርቅ ነው» አለ አባቴ። ጠመኔውን አስቀምጦ ጨርቁን በድሮው እጥፋቱ አጠፈው። «እኔ ግን ልታከም ነው። ካየሁ እሰፋዋለሁ። ካላየሁም ጨርቅህ አልተነካም፣ ውሰደው።»

«ምን ላድርገው ጋሼ? ሳይሰፋማ አንሶላ ነው።»

«ልጅህ ተኝቶበት ይመረቃላ።»

ሹፌሩ ፌስታሉን ይዞ እየሳቀ ወጣ። አባቴ አልሳቀም። ጠመኔው ከደበዘዘው ጥቅል አንዱን ፈትቶ ስፌት መኪናው ፊት ተቀመጠ፤ ከዚያ መርፌውንና ክሩን ወደ እኔ ዘረጋ።

«እንቺ፣ አንቺ አስገቢው። ቸኩያለሁ።»

የክሩን ጫፍ በምላሴ አረጠብኩ። የመጀመሪያውን ሳትኩ።