ሦስት ከንፈር፣ አንድ ላንቃ

የቀዶ ጥገና ቆቡ ሰፍቷት ጆሮዋ ላይ ወርዶባታል። ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ፊት ለፊቷ ያሉትን ሦስት ሕፃናት ታያለች። አቤት ሲያለቅሱ! ሦስቱም ጡት ከቀመሱ ቆይተዋል፣ ሦስቱም የላይኛው ከንፈራቸው ስንጥቅ ነው፣ ሦስቱም ደረታቸው ላይ «ተጠባባቂ» የሚል ፕላስተር ተለጥፎባቸዋል። ሰው ከቀረ ይገባሉ፣ ካልቀረ በቃ ወደ ቤት።

የሷ ፕላስተር ላይ «የመጨረሻ» ይላል። ሐኪሞቹ ነገ ይሄዳሉ። የሚመለሱት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ ያውም ከተመለሱ!

ደግሞ ላያት ሰው ምንም የላትም እኮ። ከንፈሯን ሕፃን እያለች ሰፍተውላታል፣ እንዲያውም ያምራል። ችግሩ ውስጥ ነው፣ ላንቃዋ ክፍት ነው። ስታወራ ድምጿ ሁሉ በአፍንጫዋ ይወጣል። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ሱቅ ሄዳ ሳሙና እንኳ በጣቷ ጠቁማ ነው የምትገዛው። ሳታስደግም የምትሰማት አንድ እናቷ ብቻ ነች። አንድ!

ጠዋት አስተባባሪው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅለው ሰውዬ፣ ዶክተሯን ሲከራከር ሰምታዋለች።

«ዶክተር፣ በአንድ ላንቃ ሰዓት ሦስት ከንፈር ይሠራል እኮ። ወጪው ያው ነው። ሦስት ልጅና አንድ ልጅ እኩል ነው እንዴ?»

«እሷስ ልጅ አይደለችም?»

«መች ወጣኝ! ግን እሷ ያኔ ከንፈሯ ሲሰፋ ከታከሙት ጋር አንዴ ተቆጥራለች።»

ዶክተሯ የልጅቷ ወረቀት ላይ ፈረመች።

አሁን እናቷ ደስታዋን መያዝ አቅቷታል። «ስትነቂ መጀመሪያ ምን ትያለሽ?» ትላታለች ጎኗን እየኮረኮረች። «አባትሽ ስልኩን ይዞ ነው የሚጠብቀው!»

ልጅቷ ልትስቅ ስትል ከኮሪደሩ ጫፍ የነርሷ ጩኸት መጣ። ዘግይታ የመጣችን አንዲት ሌላ ተጠባባቂ እናት እየተቆጣቻት ነው። «ወተት ምግብ ነው አላልኩሽም? ማደንዘዣ ከወሰደ በኋላ ወደ ላይ ይመጣና ሳንባው ይገባል! ይሞትብሻል እኮ!» ሴትየዋ ልጇን አቅፋ እያለቀሰች ወጣች።

ልጅቷ ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋባት መሰላት። ወተት!

ጎህ ሲቀድ አክስቷ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ደብቃ አምጥታላት ነበር። «የከለከሉሽ ምግብ ነው። ወተት ምኑ ምግብ ነው? ጠጪ የኔ አንበሳ፣ በባዶ ሆድ ቢላ አይቻልም።» ጠጣች። ጥቂቱ እንደለመደው በአፍንጫዋ ወጣ። ሌላው ግን ወረደ።

«እማ፣ ወተት ጠጥቻለሁ።»

የእናቷ ጣቶች ጎኗ ላይ ደርቀው ቀሩ።

«ማነው የሰጠሽ?»

«አክስቴ።»

እናቷ በሩን አየች፣ ሕፃናቱን አየች። ከዚያ ጆሮዋ ስር ገብታ፣ «ትንሽ ናት» አለቻት። «በአፍንጫሽ ወጥቷል አይደል? ወጥቷል። ዝም በይ የኔ ልጅ፣ በናትሽ ዝም በይ።»

ነርሷ መጣች። «ተራሽ ደረሰ፣ ቆንጆ። የበላችው የጠጣችው ነገር የለም አይደል?» የጠየቀችው እናቷን ነው። ሁሉም ሰው የሚጠይቀው እናቷን ነው።

«ምንም።»

«ጠጥቻለሁ» አለች ልጅቷ። «ወተት። ጠዋት።»

ነርሷ ግራ ገባት። «ምን አለች?»

«ፈርታ ነው።»

እናቷ እስከዛሬ ለሰው ስትነግርላት አንድ ቃሏን አሳስታባት አታውቅም። አንድም ቀን!

ልጅቷ የነርሷን ጋውን ያዘች። ሌላ እጇን እንደ ብርጭቆ ጨብጣ ወደ አፏ አነሳችና ገለበጠችው። ደግማ ገለበጠችው።

ነርሷ እናቷን አየቻት። እናቷ መሬት መሬት ታያለች። ነርሷ ቆቡን ከልጅቷ ራስ ላይ አወለቀችው።

«ሦስቱንም አስገቡ!» አለ አስተባባሪው ከበሩ ብቅ ብሎ። ሦስቱ እናቶች እየተጋፉ ተነሱ፣ አንዷ ነጠላ ጫማዋን ጥላ ገባች። በሩ ተዘጋ። ለቅሶው ከበሩ ኋላ ቀረና ኮሪደሩ ጭር አለ።

እናቷ ከቤት ያመጣችውን ብርድ ልብስ ማጠፍ ጀመረች። አጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው።

«ይቅርታ እማ» አለች ልጅቷ።

እናቷ ቀና አላለችም።

«ምን አልሽ?» አለቻት። «አልሰማሁሽም።»