አደራ ያለበት ሥዕል

ሠዓሊዋ ከውጭ አገር ጉዞዋ ይዛ የተመለሰችው የመንገድ ላይ ሙዚቀኞችን ሥዕሎች ነበር። ባቡር ጣቢያ ደጃፍ አኮርዲዮን የሚጫወተውን ዝምተኛ ሰውዬና ከጎኑ ከበሮ የምትመታውን ሴት አንድ ላይ ሥላቸዋለች። አውደ ርዕዩ በተከፈተ ዕለት አንዲት ሴት አኮርዲዮን ተጫዋቹ ሥዕል ፊት ደርቃ ቀረች።

"እህቴ፣ ደህና ነሽ?" አለቻት ሠዓሊዋ ጠጋ ብላ።

"ወንድሜ ነው። የት አገኘሽው?"

ሠዓሊዋ የሰውዬው አደራ ትዝ አላት። ሰውዬው ሊሣል ሲቀመጥ፣ "ያለሁበትን ለማንም እንዳትናገሪ፤ አደራ" ብሏት ነበር። ከምን እንደሸሸ አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም።

"ብዙ ከተማ ዞሬያለሁ፤ አላስታውስም" አለች ሠዓሊዋ።

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። "ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ፣ በልጅነታችን በር ስዘጋበት የወጣ ነው። የት እንዳለ ተይው፤ በሕይወት መኖሩን ብቻ ንገሪኝ።"

"አለ" አለች ሠዓሊዋ፤ ወዲያው ደነገጠች። እህቱ ባትሆንስ? ጠባሳውን እኮ ሥዕሉ ላይም ማየት ትችላለች። የሴትዮዋን ስልክ ቁጥር ተቀበለችና፣ ስልኳን ሰጥታት ለነበረችው ከበሮ መቺ ደውላ እህቱ እንደምትፈልገው ነግራ ቁጥሩን እንድትሰጠው ለመነቻት።

በማግሥቱ ከበሮ መቺዋ ደወለች። "ነገርኩት። ወዲያው አኮርዲዮኑን አነሣና ሄደ። ማደሪያውም ባዶ ነው።"

ከዚያ ወዲያ ሠዓሊዋ፣ አደራ በላሁ፣ ሰውዬውን ዳግም አሰደድኩት እያለች ስትብሰለሰል ሰነበተች። በር በተንኳኳ ቁጥር ብሩሿን አስቀምጣ ልትከፍት ትሮጥ ነበር።

አንድ ጠዋት እህትየዋ ሥዕል ቤቷ ድረስ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

"ደወለልኝ" አለች ገና ሳትቀመጥ። "አባታችን፣ 'ሁለተኛ ደጄን ብትረግጥ እገድልሃለሁ' ስላለው ነው ከአገር የወጣው። መልእክቴ ሲደርሰው አባቴ አገኘኝ ብሎ ሌላ ከተማ ሸሸ። አባታችን መሞቱን አልሰማም ነበር።"

"ስትነግሪውስ?"

"መቼ እንደሞተ ጠየቀኝ። ከዚያ እናቴን አገናኚኝ አለኝ።"

"ይመጣል?"

"እንጃ። አልመጣም አላለም።"

ሥዕሉን ከአውደ ርዕዩ ግድግዳ አውርደው እናትየው ዘንድ ወሰዱት። አሮጊቷ መነጽራቸውን አድርገው ቀረብ፣ ራቅ እያሉ አዩት።

"ከስቷል" አሉ። "ብርድ ነው አሉ፣ ያለበት አገር። የሚደርበው አለው?"

"ወፍራም ካፖርት ነበረው እማማ" አለች ሠዓሊዋ።